ሁለት ጉድጓድ ያለው ፍራሽ

ታላቅ እህቴ ፍራሽ ሰፊ ናት። ሰፍታ ስትጨርስ ዘጭ ብላ ትተኛበትና «እኔን ከቻለ ሙሽሮቹን አያቅተውም!» ትላለች። ደንበኛው ስቆ ይወስዳል። የሰፈሩ ሰው «ጋራንቲ» እያለ ነው የሚጠራት።

ሌላም ሙያ አላት፤ ሊታደስ የመጣ አሮጌ ፍራሽ ታነባለች። «መሃሉ ከጎደጎደ ተቃቅፈው የሚያድሩ ናቸው። ግራና ቀኙ ጎድጉዶ መሃሉ ካበጠ ግን...» ብላ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ተሳስታ አታውቅም።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የራሷን ፍራሽ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳታድሰው ኖረች። አምና ጥጡ አፈትልኮ ሲያስቸግር አብረን ወደምንሠራበት ሱቅ አመጣነው። ጨርቁን ስንገፍፈው ግራና ቀኝ ሁለት ጉድጓድ፣ መሃሉ ጉብታ። መቀሷን አስቀምጣ አለቀሰች።

«የመጨረሻውን ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ሠላሳ ኪሎ ጨመርኩ» አለችኝ። «ፍላጎቴ ድራሹ ጠፋ። ባሌ ቢነካኝም ሰውነቴ አይሰማም። ሆዴን እንዳያገኘው ወደ ግድግዳ እዞራለሁ። ጠላችኝ ብሎ ጥሎኝ ሊሄድ ነው።»

ተናደድኩ፤ በእሷ ሳይሆን ይህን ሁሉ ዘመን ዝም በማለቷ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ጤና ጣቢያ ጎተትኳት።

ነርሷ አልሳቀችም። «ክብደት ሲበዛ ሆርሞን ሊዛባ፣ የደም ዝውውርም ሊዳከም ይችላል። ድካሙና ሀፍረቱ ሲጨመርበት ፍላጎት ቢጠፋ ምን ይገርማል? ስንት ሴት አለች መሰለሽ እንዳንቺ! ጥቂት ኪሎ መቀነስም ለውጥ አለው። ግን መጀመሪያ ለባልሽ ንገሪው።»

ያንኑ ዕለት ነገረችው። ባሏ ሾፌር ነው፣ ወሬ አያበዛም። «እኔ እኮ የሰለቸሁሽ መስሎኝ ነበር» አላት። በማግስቱ መኪናውን አቁሞ በእግሩ ሱቅ ድረስ ሸኛት፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አብረው ይመጣሉ። ፍራሹንም አዲስ ጥጥ ሞልተን መለስንላቸው። በዓመቱ የቀነሰችው ስምንት ኪሎ ብቻ ነው፤ አሁንም ዘጭ ስትል ጣውላው ይጮኻል። ግን እያንጎራጎረች መግባት ጀመረች። እኔም አልጠየቅኳት።

ዛሬ ጠዋት ፍራሹን ከባሏ ጋር ተሸክመው መጡ።

«አንብቢው» አለችኝ።

ጨርቁን ገፈፍኩት። መሃሉ እንደ ሳፋ ጎድጉዷል! እልልታዬን አቀለጥኩት። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ደንበኞቹ ምን ተገኘ ብለው ተንጋጉ፣ ባሏ አፍሮ ውልቅ አለ፣ ጋራንቲ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ያንኑ ስትደብቀው የኖረችውን ሆድ።

እንባዬን ጠርጌ ጥጡን ላወጣ እጄን ሰደድኩ።

«ዋ! እንዳትነኪው» አለችኝ። «የለፋሁበት ነው!»