ሦስት ገጽ ማመልከቻ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የሥራ ማመልከቻ ጽፎ "እማማ፣ እስቲ እዪልኝ" አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ሁለቱንም ገጽ አነበብኩ። ምን እንደሚፈልግ ግን ሊገባኝ አልቻለም። "የምትፈልገውን መጀመሪያ ጻፍ እንጂ" ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ደነገጠ። እኔም ደንግጬ ጓሮ ወጣሁና ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። ይህ የመንቆራጠጥ አመል ከአንድ ክረምት ጀምሮ አልለቀቀኝም።

በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ሰሞን ነው። ባሕር ዳር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በዓል ሲመጣ የትምህርት ቤቱን መግለጫ የምጽፈው እኔ፣ የማነበውም እኔ። ጎረቤቶቻችን እስክሪብቶዋ ማር ነው ይሉኛል፤ እኔም አምኛቸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን ከዘጌ በታንኳ የሚመጣውን ሎሚ ሊገዛ ሐይቁ ዳር ወረደ። የላክሁት እኔ ነኝ። ዓሣ እየጠበስኩ ነበር፣ ዓሣ ደግሞ ያለ ሎሚ አይሆንልኝም። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። ዓሣው ቀዘቀዘ፤ እሱ አልመጣም። ለውትድርና በአፈሳ ተይዞ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ እንደ ተዘጋበት የጎረቤት ልጅ መጥቶ ነገረን። ሐሙስ ጠዋት መኪና ይወስዳቸዋል ተባለ። ሙሉቀን ቁመቱ ከእኔ በላይ ቢሆንም ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር።

እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጻፊ" አለችኝ። "ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለወታደር አልደረሰም፤ መልሱልኝ በይ።"

"እማዬ፣ ማመልከቻ እንዲህ አይጻፍም።"

"ታዲያ ሌላ ምን አለን?"

አልሰማኋትም። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ለአብዮቱ ሰላምታ አቀረብኩ፤ ኢምፔሪያሊዝምን አወገዝኩ፤ የጣናን ማዕበል ከሰፊው ሕዝብ ቁጣ ጋር አመሳሰልኩ። የወንድሜ ጉዳይ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከመዝጊያው መፈክር በላይ ገባ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ላለማስቀየም ነበር፤ እውነቱን ከተናገርኩ ግን ጽሑፌ ራሴንም አስክሮኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ገጽ እያየ ፈገግ አለ።

"ጎበዝ፤ ይህማ ለሁሉም ሊነበብ ይገባዋል።"

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጽሑፌን ለሰፈሩ ሁሉ አሰማ። ሊቀመንበሩ የድጋፍ መግለጫ መስሎታል። ሁለተኛው ገጽ ሲያልቅ ንባቡ ቆመና ጭብጨባው ቀለጠ። እናቴ ዞራ አየችኝ።

"የልጄ ስም የታለ?"

እየሮጥኩ ወደ ቀበሌው ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው ብሎ ዘበኛው አላስገባኝም። እስኪመሽ በሩ ላይ ተንቆራጠጥኩ፤ ሊቀመንበሩ በየት በኩል እንደ ወጣ አላውቅም። ሐሙስ ማለዳ እናቴ ያለችውን ቃል በቃል ግማሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ቢሮው ገባሁ። አንብቦ ወረቀቱን መለሰልኝ።

"ይህን ትናንት ብታመጪልኝ እመልሰው ነበር። አሁን መኪናው ሌሊት ተነሥቶ ዱርቤቴን አልፏል።"

ሙሉቀን ከአራት ዓመት በኋላ እያነከሰ መጣ። እናቴ አልጠበቀችውም፤ ሳታየው ሞተች። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን፣ ሎሚ እየጨመቀ እንዲህ አለኝ፦

"ያን ለት እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርሁ። ያንቺ መሆኑን ገና ሲጀምሩት አወቅሁ።"

"ታዲያ ምን አደረግህ?"

"አጨበጨብሁልሽ።"

ከጓሮ ስመለስ የልጅ ልጄን "ምንድን ነው የምትፈልገው?" አልኩት። "ሥራ" አለኝ። "እሱን ጻፍ" አልኩት፤ ጽፎ እስኪጨርስም አልተቀመጥኩም። ሙሉቀን ዛሬም ያ ጽሑፍ ቆንጆ ነበር ይላል። እንዲህ ባለኝ ቁጥር ተነሥቼ እወጣለሁ።