ወደ አምቦ የሄዱት ሁለት ድስቶች

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ ኮልፌ ያለው የሠፈራችን ዕድር አንድ ድንኳን ነበረው። ክርስቲያኑም እስላሙም አዋጥቶ የገዛው፣ ለሁሉም ሐዘን የሚተከል፣ ዝናቡንም ለሁሉም ሳያዳላ የሚያስገባ ድንኳን ነበር። የዕድሩ ዳኛ እኔ መሪጌታው ነበርሁ። በዚያ ዓመት ይህ ድንኳን በመቀስ ለሁለት ሊቀደድ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ነገሩን ያመጡት ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጡ የጎጃም ሰው፣ ሁላችንም ሃምሳ አለቃ የምንላቸው፤ ሁለተኛው መርካቶ የድስትና የሳህን ሱቅ ያላቸው ሐጂ። ሃምሳ አለቃ በአጥራቸው ጥግ ባሕር ዛፍ ተከሉ፤ የሐጂ የውሃ ጉድጓድ ደረቀ። ሐጂ የዛፉ ሥር ውሃዬን ጠጣው ብለው ከሰሱ፤ ሃምሳ አለቃ ዛፍ እንጂ ግመል አልተከልሁም ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲያ ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። በመጨረሻም ሐጂ ሌላ ዕድር ላቆም ነውና ድንኳኑ ይከፈል አሉ፤ ሃምሳ አለቃም መቀሱን እኔ አመጣለሁ አሉ። ሰሎሞን ሕፃኑን ክፈሉት ባለ ጊዜ ቢያንስ አንዲት እናት ራርታ ነበር፤ በእኛ ሸንጎ ግን ለድንኳኑ አንጀቱ የሚላወስ አልተገኘም።

በሠፈሩ የተጣላ ሰው ከሠፈሩ ሲወጣ ልቡ ይላላል ብዬ፣ የዕድሩን ወንዶች ሽርሽር ልወስድ አሰብሁ። ሐሳቤ አዲስ ዓለም ማርያምን አይተን፣ አምቦ ፍል ውሃ ታጥበን፣ በዚያው ቀን እንድንመለስ ነበር። ሃምሳ አለቃ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ እሺ አሉ፤ ሐጂም ስለ ጉልበታቸው ቁርጥማት እሺ አሉ። አንዱ ሌላው መኖሩን ያወቀው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሃምሳ አለቃ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጡ፤ ሐጂ ከኋላ መስኮት ሥር ተቀመጡ። እኔ በመካከል ሆኜ ለሁለቱም ፈገግ ስል አንገቴ ተጣመመ።

ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለ ነበር ጾም የለም፤ የሁለቱም ሚስቶች ዶሮ ወጥ ሠርተው ልከዋል። እንግዲህ በእኛ አገር ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሁሉን ይካፈላል፣ ሥጋ ሲሆን ግን ክርስቲያን የክርስቲያኑን፣ እስላምም የእስላሙን እንጂ አንዱ የሌላውን እርድ አይቀምስም። ድስቶቹም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ኮልፌ ውስጥ ከሐጂ ሱቅ ያልወጣ፣ ቀይ አበባ የሌለበት ድስት አልነበረምና። ሾፌሩ አንዱን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ፊት፣ አንዱን ከኋላ አሰረ።

በግራችን ወጨጫ ጉሙን እንደ ነጠላ ተከናንቦ ይታይ ነበር። ስለ መናገሻ ደንና ስለ ጥዶቹ ዕድሜ ላስረዳ ብጀምር ሁለቱም ጣሪያውን ያያሉ። ልባቸውን ወደ ፈጣሪ ያቀኑ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሆለታ ለሻይ ወረድን። አዲስ ዓለም ስንደርስ እኛ ለቤተ መንግሥት ታስቦ ታቦት የገባበትን ያንን ውብ ቤት ተሳልመን፣ ሥዕሉን አንድ በአንድ ስንመለከት፣ ሐጂ ከደጅ ጥድ ሥር ቀሩ።

አምቦ ገብተን ሌሎቹ ፍል ውሃው ውስጥ ሲንቦራጨቁ፣ እኔ በጥምጥሜ ሆኜ ከዳር እግሬን ብቻ ነከርሁና ስለ ሰሊሆም መጠመቂያ አስተማርሁ። የሰማኝ የለም። ሲወጡ ሁሉም ርቦታል። ሾፌሩ ሁለቱን ድስቶች አውርዶ ሣሩ ላይ አኖረ። ይህኔ ሃምሳ አለቃና ሐጂ እኩል ተነሥተው ከፊት የነበረውን ድስት ያዙ።

«ሐጂ፣ ይልቀቁት፤ የእርስዎ የኋለኛው ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ። ከዓመት በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«በምን አወቁ?»

ሃምሳ አለቃ ሳይወዱ ተናዘዙ። የእሳቸው ድስት ከኋላ የታሰረው መስሏቸው፣ አቧራና ጭስ እንዳይገባበት ብለው፣ እኛ ሆለታ ሻይ ስንጠጣ ጣሪያው ላይ ወጥተው ድስቶቹን አቀያይረው ኖሯል።

ሐጂ ድስቱን ለቀቁና መሬት ተቀመጡ። «እኔም የኋለኛው የእኔ መስሎኝ አዲስ ዓለም ላይ ያንኑ አደረግሁ» አሉ፤ «በዚህ ጉልበቴ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መጻሕፍት የተረጎመ አንጎል ለዚህ አይሰንፍም ብዬ ጀመርሁ። አንድም የፊተኛው የሃምሳ አለቃ ነው፤ አንድም የሐጂ ነው። ሁለት ጊዜ ከተቀያየረ ግን ሁለቱም ወደ ጥንተ ቦታቸው ተመልሰዋል። ይህን ያህል ከደረስሁ በኋላ፣ ጥንት ከፊት ያኖረው የማንን እንደሆነ ሾፌሩን ጠየቅሁት።

«መሪጌታ፣ እኔ የጫንሁት ድስት ነው እንጂ ሃይማኖት አይደለም» አለኝ።

ክዳኑ ቢከፈት ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም እንቁላል ያለበት ሆነ። ከቤቴ የመጣውን ድፎ ዳቦ ቆርሰን ለሁሉም አዳረስን፤ የዶሮውን ሽታ ማባያ አድርገን በአምቦ ውሃ አወራረድነው።

ወጡን የሚለዩት የሠሩት ሴቶች ብቻ ናቸውና ድስቶቹ ኮልፌ ድረስ በሰላም መመለስ ነበረባቸው። ጣሪያውን ከእንግዲህ የሚያምን የለም። ስለዚህ ሃምሳ አለቃ አንዱን፣ ሐጂ ሌላውን ታቀፉ፤ አንዱ ከሌላው ድስት ዐይኑን እንዳያነሣም አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አዲስ ዓለምን ስናልፍ ሐጂ ወጡ ሱሪያቸው ላይ መንጠባጠቡን ተናገሩ። ሃምሳ አለቃ መሐረባቸውን ሰጧቸው። ቀጥሎ ስለ ጉልበት ሆነ፣ ከጉልበት ወደ ጉድጓድ ተሻገረ። ሆለታ ላይ ሃምሳ አለቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጉድጓዱ በኩል ያሉትን ዛፎች እቆርጣቸዋለሁ ሲሉ ሰማሁ።

«ከቆረጧቸውማ ለማገዶ አያድርጓቸው» አሉ ሐጂ። «የድንኳኑ ምሰሶ ነቅዟል።»

እኔ የተኛሁ መስዬ መስኮቱን ተደግፌ ነበር፤ መቁጠሪያዬን ግን ጨብጬዋለሁ።

ኮልፌ ስንደርስ ሁለቱም ሚስቶች ከአጥራቸው ወጡ። ክዳኑን ገልጠው አንድ ጊዜ አሸተቱ፤ በቃ፣ ታወቀ። ሁለቱም ሰዎች ከአምቦ ኮልፌ ድረስ የየራሳቸውን ድስት ታቅፈው ኖሯል። ሃምሳ አለቃ የሌላ እርድ እንዳይነካቸው ብለው ድስቱን በጋቢያቸው ጠቅልለው ነበር የያዙት፤ ሐጂም ፊታቸውን አዙረው። ወጡ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጉዞ ኮምጥጦ ነበር።

የሐጂ ባለቤት ሱሪያቸውን እያዩ፣ «ለመሆኑ አገር ልታዩ ሄዳችሁ ምን አያችሁ?» አሏቸው።

ሐጂ ሃምሳ አለቃን አዩዋቸው። ሃምሳ አለቃም መለሱላቸው፤

«ድስት።»