ለሳሙኤል የተፈረመ ሸክላ

ዲቲኮን፣ ዙሪክ አጠገብ፣ ጎህ ሲቀድ

ባንሆፉ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ፣ ከሌሊት ፈረቃ የሚመለሱ የመጋዘን ሠራተኞችና እኔ ብቻ ነን። ብብቴ ሥር በፎጣ የጠቀለልኩት ሸክላ አለ፤ የፈረንሳይኛ ራፕ አልበም። ዘፋኙ አይፎክርም፤ ስለ መኪናም ስለ ወርቅም አያወራም። ዝግ ባለ ድምፅ ከራሱ ጋር ይነጋገራል፤ ስለ እናቱ ዝምታ፣ ስለሚያፍርበት ነገር። ዛሬ ጄኔቫ አንድ ሸክላ መሸጫ ቤት ውስጥ ለአድማጮቹ ይፈርማል።

ይህን ሙዚቃ የለመድኩት ጅቡቲ ሱቅ ስሠራ ነው። ስዊዘርላንድ ገብተን የስደተኞች መቀበያ ጣቢያው ውስጥ ከሳሙኤል ጋር አንድ ክፍል ሲደርሰን፣ ግማሹን የጆሮ ማዳመጫ ሰጥቼ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በካንቶን፣ በየክፍለ ሀገሩ ሲደለድሉን እሱን ጄኔቫ፣ እኔን ዙሪክ። እንቀያየር ብል ማን ሰምቶኝ። እሱ ዛሬ ፈረንሳይኛውን ያንበለብለዋል፤ እኔ የመጋዘን ጀርመንኛ ይዤ ቀረሁ። የምወደውን ዘፈን በስልክ እያስተረጎምኩ ነው የምሰማው። እቀናለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ከፍሪቡርግ ወዲያ

የባቡሩ ማስታወቂያ ወደ ፈረንሳይኛ ዞረ። ከቤት የያዝኩትን ዳቦ በእንቁላል እየበላሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር በፈረንሳይኛ አጠናለሁ፦ “የመጨረሻውን ዘፈን ሰምቼ፣ ስንት ዘመን ያኮረፍኳት እናቴ ጋ ደወልኩ።” ያን ሁሉ የትኬት ዋጋ የከፈልኩት ይህን ለሰውየው በራሴ አፍ ልነግረው ነው። ሎዛን ሳንደርስ የጄኔቫ ሐይቅ ከወይን እርሻው ሥር ብቅ አለ። ይህም ለሳሙኤል ነው የደረሰው።

ጄኔቫ

ሳሙኤል ጥሩ ካፖርት ለብሶ ይጠብቀኛል። “ከሳህ አንተ” አለኝ። ዓረፍተ ነገሬን አሰማሁት። “ይገባዋል፣ አትፍራ።”

ሸክላ ቤቱ ጠባብ ነው፤ የካርቶን ሽታ አለው። ዘፋኙ ፀጉሩ ሸብቷል። ተራዬ ሲደርስ ፈረንሳይኛው ጠፋኝና በዙሪክ ጀርመንኛ “ግሩትሲ” ብዬ ሰላም አልኩት።

“በልልኝ” አልኩት ሳሙኤልን።

ሳሙኤል እንጀራው ማስተርጎም ነው፤ በየቢሮው ለስደተኞች ያስተረጉማል። በሥራው ደንብ ባለጉዳዩ “እኔ” ካለ አስተርጓሚውም “እኔ” ይላል እንጂ “እሱ እንዲህ ይላል” አይባልም። እንደለመደው “እናቴ ጋ ደወልኩ” አለ። ዘፋኙ ብድግ ብሎ አቀፈው። ሳሙኤል አለቀሰ። ስሙን ሲጠይቀው የራሱን ተናገረ። ሸክላዬ ላይ “ለሳሙኤል” ተብሎ ተፈረመ።

ወደ ላንሲ፣ ወደ ሳሙኤል ቤት፣ ትራም ውስጥ

“ልመለስና ልንገረው?” አለ ሳሙኤል።

“ተወው።”

“የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ነው ወንድሜ።”

“ልማዱስ ይሁን፤ ለቅሶው ምንድን ነው? የኔ እናት እኮ ናት።”

ወደ መስኮቱ ዞረ። “እኔ እናቴን ቀብሬ ነው የተሰደድኩት። ‘ደወልኩ’ ስል ለአፍታ እውነት መሰለኝ።”

ቤቱ የሠራልኝን ሽሮ በላን። ሸክላውን ልተውለት አሰብኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይዤው ወጣሁ።

ዲቲኮን፣ ምሽት

እንደገባሁ ለእናቴ ደውዬ ውሎዬን ነገርኳት። የኔን ነገር ትታ “ልጁ እናት የለውም?” አለች።

“የለውም።”

“ታዲያ ቁጥሬን ስጠው፤ እሱም ይደውልልኝ።”

ደስ ሳይለኝ ቁጥሯን ለሳሙኤል ላክሁለት። ደህና እደሪ ሳልላት መዝጋቴ ትዝ ሲለኝ መልሼ ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል።