ሠላሳ አንድ ዓመት ከአዳኙ ጋር

ጋሽ ሰማይ ይሏቸዋል፤ ከሥራቸው የወጣ ቅጽል ስም ነው። ክብ ጣሪያ ባለው የከዋክብት ማሳያ አዳራሽ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ለተማሪዎች ሌሊት ሲያሳዩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላቸው። መብራቱ ይጠፋል፣ መሃል ላይ ያለው ማሽን ከዋክብቱን ጣሪያው ላይ ይበትናል፣ እሳቸው በብርሃን መጠቆሚያቸው እያሳዩ ያወጋሉ። ከሁሉም አብልጠው ኦሪዮንን፣ አዳኙን፣ ይወዳሉ። «ይኼ ሰውዬ ቀበቶውን የታጠቀው ቅድመ አያቶቻችሁ ሳይወለዱ ነው፤ እስከዛሬ አንዲት ጥንቸል እንኳ አልያዘም!» ሲሉ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ዓይናቸው ከዳቸው። መጀመሪያ ደብዛዞቹ ኮከቦች ሄዱ፣ ቀጥሎ የቀበቶው ሦስቱ፣ በመጨረሻም ትከሻው ላይ ያለው ትልቁ ቀይ። ከባለቤታቸው በቀር ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ከታወቀ በማግስቱ ያሰናብቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት ውስጥ ግድግዳ ሲዳብሱ መዋል ነው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ጀርባቸውን የማሽኑ መቆሚያ ብረት ላይ ያስደግፋሉ፣ የማሽኑ ማራገቢያ ሲያጉረመርም ሰማዩ በራ ማለት ነው፣ ከዚያ ክንዳቸው በልምድ ይሄዳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጀግንነት ነው፤ ባለቤታቸው ግን እብደት ይሉታል።

አንድ ጠዋት ትኬት ቆራጯ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ አደራ፣ አሳምሩት» አለቻቸው።

አሳመሩትም። ማራገቢያው አጉረመረመ፣ ክንዳቸው ተነሳ። ቀበቶውን አሳዩ፣ ጎራዴውን አሳዩ፣ ስለ ቀዩ ኮከብ አፋቸውን ሞልተው አወሩ። ጥንቸሏን ሲያነሱ ማንም አልሳቀም። ቢሆንም ቀጠሉ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንዳወሩ ከፊት ረድፍ አንዲት ሕፃን፣ «አባባ፣ ኮከቦቹ የሚወጡት መቼ ነው?» አለች።

«እሽ! ዝም በይ!» አለቻት መምህሯ።

ጋሽ ሰማይ ክው አሉ። ማራገቢያው ይሠራል፤ ለካ አምፖሉ ተቃጥሎ ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ ጨለማ ሲጠቁሙ ነው የቆዩት።

«ምንም አይታይሽም፣ የኔ ልጅ?»

«ምንም። የእርስዎ ነጥብ ብቻ ናት ያለችው።»

ሰበብ አላጡም፤ ማሽኑ እስኪሞቅ ነው ቢሉ ማን ይከራከራቸው ነበር? ግን ደከማቸው። ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ፣ ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫቸው ሲነሱ ሰሙ።

«እኔማ ነጥቧም አትታየኝም» አሉ።