ጋሽ ሸምሱ በበራችን ላይ የሞከራቸው ቀለሞች

ባለፈው ሳምንት እናቴን ልጠይቅ ቡታጅራ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ከአንድ ጋራዥ የቲነርና የስቱኮ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን መታኝ። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። ሹፌሩ «እህቴ፣ ገና አልደረስንም እኮ» አለኝ። ይበቃኛል አልኩት። ሻንጣዬን እንደያዝኩ አጥር ሥር ቆሜ አለቀስኩ። በመኪና ቀለም ሽታ የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው፣ እኔ ነኝ።

ጋሽ ሸምሱ የልጅነት ጎረቤታችን ነበር፤ ባትላሜራ። የተጋጨ መኪና በመዶሻ ቀጥቅጦ ያቃናል፣ ስቱኮ ይለብጣል፣ በመጨረሻ ቀለም ይረጫል። ከአገና እስከ ቆሼ የትም ሚኒባስ ቢላተም ተጎትቶ የሚመጣው እሱ ግቢ ነበር። ጥፍሩ ሥር የአንዱ መኪና ቀለም አይጠፋም። እጁን አይቼ «ዛሬ ነጭ ቀብተሃል» ስለው «ወይ ጉድ፣ አወቅሽብኝ!» ይለኛል፤ በየቀኑ እንደ አዲስ እየተገረመ።

ከሁሉ የሚወዳት ግን አንዲት አሮጌ የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሸራ፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ። አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት ያገኛት አንድ ያለው ልጁ ከድር ነው። በአይሱዙ ጭነው ሲያመጧት ሰፈሩ ሳቀ። እናቴማ «ይቺ ደግሞ ምን ልትጭን ነው? አንድ እስር ቆጮ እንኳ አትችል!» አለች። አባትና ልጅ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ዝገቷን እየቆረጡ፣ ላሜራ እየበየዱ፣ የጠፋውን ዕቃ ከሌላ መኪና እያስተካከሉ አቆሟት። ሞተሯ የተነሣ ቀን ያልወጣ ሰው አልነበረም፤ እናቴም እልል አለች።

ቀለም ብቻ ሲቀራት ከድር በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ተነሣ። ሲሰናበት «አባዬ፣ ቀለሟን የምመርጠው እኔ ነኝ። አደራ፣ እንዳትቀባት። ለአረፋ መጥቼ እነዳታለሁ» አለ። ጋሽ ሸምሱም ተስማማ። «ቀለም የሚመርጠው የሚነዳው ነው» ይል ነበር፤ ለደንበኛም እንደዚያው ነው የሚለው።

እኛ ዘንድ አረፋ የሄደ ሁሉ የሚመለስበት በዓል ነው። ልጁ ያልመጣለት ሰው ቤት፣ ጎረቤት «ኢድ ሙባረክ» ሲል እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጋሽ ሸምሱ ያ እንዳይደርስበት ፈርቶ ይሁን እንጃ፣ ልጁ ሲመጣ ቶሎ እንዲመርጥ ብሎ ቀለም እየበጠበጠ መሞከር ጀመረ። የእሱ አጥር እንጨት ስለነበር የሚሞክረው በእኛ የብረት በር ላይ ነው፤ መዳፍ መዳፍ የሚያክል ቀይ፣ ክሬም፣ ሰማያዊ። በመጨረሻም ዝናብ ያገኘው የእንሰት ቅጠል የሚመስል አረንጓዴ። እናቴ «በሬን ጨረስከው!» እያለች ትቆጣለች። እኔ አረንጓዴውን ወደድኩት።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር በሰፈሩ ስልክ የነበረው እኛ ቤት ብቻ ነው። አረፋ ሳምንት ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አሥር ዓመቴ ነው፤ ቤት ብቻዬን ነበርኩ።

«ሰሉ፣ ከድር ነኝ» አለኝ። «አባዬን እንዳትጠሪው፣ ድምፁን ከሰማሁ አልችልም። አልመጣም በይው። መቼም አልመጣም። መኪናዋን ይሽጣት፣ አይጠብቀኝ።»

ለምን ስለው ስልኩ ተዘጋ።

ወደ ጎረቤት ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ተንበርክኮ መኪናዋን በውኃና በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ነበር። ገና ሲያየኝ ተነሣ። «ስልክ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ ከድሬ ነው አይደል? ቀለሙን ነገረሽ?»

ያን ዓይኑን እያዩ «ልጅህ አይመጣም» ማለት ይቻላል? ምላሴን ይቁረጠውና፣ «አረንጓዴ» አልኩት።

መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «አረንጓዴ! ከድሬ አረንጓዴ ወዶ አያውቅም ነበር። ሰው አገር ሰውን ይለውጣል፣ ወላሂ!» እያለ ሳቀ። ግንባሬን ሲስመኝ የእጁ ስቱኮ ጉንጬ ላይ ቀረ።

በሦስት ቀን ቀባት። እንደዚያ ያማረ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የአረፋ ዕለት አጥቦ አፍንጫዋን ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዙሮ አቆማት፤ ራሱ ጋቢና ተቀመጠ። የሹፌሩን ወንበር ለልጁ ትቶለት እስኪመሽ ጠበቀ። በዓመቱም እንደዚያው። ከዚያም በኋላ በየዓመቱ። ከድር ዳግመኛ አልደወለም፤ አብረውት ከሄዱት አንዱ ተመልሶ የት እንደገባ አላውቅም አለ። ከወልቂጤ አንድ ነጋዴ ልግዛት ብሎ ሲለምነው «ልጄ ቀለም የመረጠላትን?» ብሎ ተቆጣ። እኔ ከበራችን ቆሜ እሰማ ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ። እነግረዋለሁ እያልኩ አደግሁ። ወልቂጤ ሥራ ይዤ ሄድኩ፤ አልነገርኩትም።

ሲታመም መጣሁ። ሰውነቱ አልቆ ጥፍሩ ንጹሕ ሆኖ ነበር፤ እጁን አይቼ የምገምተው ነገር አልነበረም። ሰው ሲወጣ ጠብቆ «ሰሉ፣ አረንጓዴ ብሎሽ ነበር አይደል?» አለኝ። ዓይኑ ያው የዚያን ቀኑ ነው።

«አዎ ጋሼ።»

«ድምፁ ደኅና ነበር?»

«ደኅና ነበር።»

«አልሀምዱሊላህ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

መኪናዋን ዘመዶቹ ለዚያው ነጋዴ ሸጡለት። ነጭ አስቀብቶ ለሙሽራ ያከራያታል። አንድ ቅዳሜ ወልቂጤ ላይ በአበባ ተሸፍና ስታልፍ አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ከጋሽ ሸምሱ የቀረው በራችን ላይ ያለው ነው። ቀዩም ክሬሙም ተላልጧል፤ አረንጓዴው ግን አለ። ባለፈው ሳምንት ሻንጣዬን ይዤ ስደርስ እናቴ በሩ ሥር ቆማ ቀለም ቀቢ ታናግራለች። «እንኳን መጣሽ!» አለችኝ። «በሩን ላስቀባው ነው፤ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን? አንቺ ምረጪ።»

«እማዬ፣ እኔ አልመርጥም» አልኳት።