ሜዳ ላይ የማይቆመው ሰው

ጋሽ ቁልቁለት ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ አሁን ግን በዚያ ስም ቢጠሩት ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ይህን ስም ያተረፈው የጭነት መኪናውን ቁልቁለት ላይ ካልሆነ የትም ስለማያቆም ነው። መኪናው በቁልፍ አይነሳም። ቁልቁል ተንደርድሮ ማርሽ ሲገባለት እያጉረመረመ ይነሳል። ስለዚህ ጋሽ ቁልቁለት ቤት የተከራየው ዳገት ላይ ነው፤ ፀጉሩን የሚስተካከለው ዳገት ላይ ነው፤ ጫማውን የሚያሰፋውም ዳገት ላይ ካለ ሰው ዘንድ ነው። ሜዳው ላይ የተሻለ ጫማ ሰፊ አለ ይባላል። ይኑር።

ከወንበሩ ሥር ጎማ የሚያስደግፍበት ድንጋይ ይዞ ይዞራል። ድንጋዩ ከመያዝ ብዛት ለስልሷል። ሚስት ያላገባው በዚህ መኪና ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። ሐሜት ነው፤ ግን ጭራሽ ሐሰት ነው ብሎ ለመማል ያስቸግራል።

ጭንቀቱ ታላቅ እህቱ ናት። የምትኖረው እሱ ጭነት በሚያመላልስበት መንገድ ዳር፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ የተጫነ መኪና ሞተሩ ጠፋ ማለት ጠፋ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቢገፋው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ጋሽ ቁልቁለት ሞተሩን ሳያጠፋ ደጃፏ ይቆምና አንድ እግሩን መሬት ያወርዳል። ከዚያ እሷ ከበራፏ፣ እሱ ከመኪናው ይጯጯሃሉ።

«ደህና ነሽ ወይ?»

«ምን?»

«ደህና ነሽ ወይ ነው የምልሽ!»

«በልቻለሁ፣ በልቻለሁ!»

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ባሏ ሲሞትም ለለቅሶ የመጣው እንዲያው እንዳመሉ ነው። ሰው ውስጥ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ውጭ መኪናው ያጉረመርማል፤ የቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ቁልቁለት ሞተሩ እንዳይጠፋበት እየወጣ ነዳጅ ይረግጣል፤ ተመልሶ ይገባና ካቆመበት ያለቅሳል። ሊሄድ ሲል እህቱ ደጅ ድረስ ተከተለችው። ድምፅዋ በለቅሶ ስላለቀ ጆሮው ሥር ተጠጋች።

«ስማ፣ ወንድሜ። ሁለተኛ ሞተርህን ሳታጠፋ ደጄ እንዳትመጣ። ማጥፋት ካልቻልክ ቅር።»

ቀረ። በደጇ ሲያልፍ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት እያየ ያልፋል። ከእናቱ ልጆች የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

መኪናውን ያላሳየው ሰው አልነበረም። ባትሪ ሻጩ «ባትሪው ነው» አለ፤ አዲስ ባትሪ ገባ። ዲናሞ ጠምዛዡ «ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም» አለ፤ ዲናሞው ተጠመዘዘ። ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ የሚጠግነው ሰው ምን እንዳለ መናገር አያስፈልግም። መኪናው የተሰጠውን ሁሉ ተቀብሎ ባትሪ መጨረሱን ቀጠለ።

በመጨረሻ ሰዎች አንዲት ኤሌትሪሺያን ጠቆሙት። ጋራዥዋ ሜዳ ላይ ነው። ጋሽ ቁልቁለት አካባቢውን ዞር ዞር ብሎ ቁልቁለት ፈለገ፤ አጣ፤ ገባ።

«ያጥፉት፣ ጋሼ» አለችው።

«ካጠፋሁት አይነሳም።»

«የሚነሳ ቢሆንማ ምን ያመጣዎታል?»

አጠፋው። ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ኮፍያውን አወለቀ።

ሴትዮዋ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ዓይነት ናት። መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ አልላላም። ባትሪዎቹ ጫፍ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር ጠረገች። ከዚያ በራሷ ባትሪዎች ረድታ ሞተሩን አስነሳችና ባትሪዎቿን ነቅላ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሯን አወጣች። ዲናሞው ላይ ለካች፤ ሃያ ስምንት ቮልት። ጤነኛ ነው። የሱ ባትሪዎች ላይ ለካች፤ ሃያ አራት።

«ሃያ ስምንት ተልኮ ሃያ አራት ከደረሰ፣ መንገድ ላይ የቀረ አለ» አለች።

የቴስተሯን አንዱን ሽቦ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አደረገች። ዜሮ አካባቢ ማለት የነበረበት ቴስተር አራት አለ። መኪናው ሥር ገብታ ጥቂት ቆየችና ከዚያው ሆና ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ይህን መኪና ማነው ቀለም የቀባው?»

ጋሽ ቁልቁለት ደረቱን ነፋ። «እኔ ራሴ! በገዛ እጄ፣ በብሩሽ።»

«የኔጋቲቩን ገመድ ፈትተው ነው የቀቡት?»

«ታዲያ ሥሩን ለዝገት ልተውለት? ፈታሁት፣ ደረብ አድርጌ ቀባሁት፣ ሲደርቅ መልሼ አሰርኩት።»

«ከዲናሞው የሚወጣው ኃይል በመኪናው ብረት ዞሮ ባትሪው ጋ መመለስ አለበት። ቀለም ደግሞ አያሳልፈውም። መመለሻውን ቀብተው ዘጉበት፤ በብሎኑ ጥርስ እየሾለከ ነው እዚህ የደረሰው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው።»

ጋሽ ቁልቁለት ቀለሙን የቀባው፣ መኪናው ገና በቁልፍ ሲነሳ፣ እህቱ «ይህን ዝገት ይዘህ ደጄ አትቁም፣ ጎረቤት ይስቅብኛል» ስላለችው ነበር። ለሷ ብሎ ነው ጥንቅቅ አድርጎ የቀባው። ማን ላይ እንደሚቆጣ አሰበ፤ የሚቆጣበት ሰው አጣ።

ሴትዮዋ ቀለሙን ፍቃ ብረቱን አወጣችው፤ ገመዱን መልሳ አጥብቃ አሰረችው፤ እንዳይዝግም ግሪስ ቀባችው። አሁን ባትሪዎቹም ላይ ሃያ ስምንት ሆነ። እስኪሞሉ ቻርጀር ላይ ዋሉ። ከዚያ ጋሽ ቁልቁለት ቁልፉን አዞረ። ተነሳ። አጠፋው፣ አዞረ፤ ተነሳ። ደግሞ አጠፋው።

«ይበቃዋል፣ ጋሼ» አለች።

በሚቀጥለው ጭነት እህቱ ደጅ ደረሰና ሞተሩን አጠፋ። ከልማድ የተነሳ ድንጋዩን አውርዶ፣ እዚያ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ፣ ጎማውን አስደገፈ። እህቱ ዝምታውን ሰምታ እየሮጠች ወጣች።

«ተበላሸብህ?» ብላ ጮኸች።

«አጠፋሁት።»

መኪናውን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ እጁን ይዛ አስገባችውና ባሏ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ እሷም ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ምሳ በላህ?» ብላ ጮኸች። «መንገዱ እንዴት ነው?» ብላ ጮኸች። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

«እህቴ፣ ይሰማኛል» አላት ቀስ ብሎ።

እንደገና ስትናገር ልጆች ሳሉ በነበራት ድምፅ ነው።

«ሲመሽ እፈራለሁ» አለችው። «ብቻዬን ማደር እፈራለሁ። ይህን ደግሞ በጩኸት እንዴት ልንገርህ?»

የዚያን ቀን መድረስ የነበረበት ጭነት በማግሥቱ ደረሰ።