ቁልፉ ወጥ ቤት፣ ሚስማር ላይ ነው

ዱባይ የሄድኩ ማታ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ከተተችብኝ። «እማዬ፣ ያስጥሉኛል» ብላት፣ «የቀመሰ አይጥለውም» አለች። እዚያ ስደርስ ፈታሹ ኮባውን በጓንት ገለጠና አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዳቦ።»

«ሞቷል እንዴ?»

«አይ፣ ሲወለድም እንዲህ ነው።»

ሰልፉ ረዝሞበት ግማሹን ጥሎ ግማሹን ተወልኝ። ያቺን ግማሽ ነው ጆሲ ከደረቅ ዓሣዋ ጋር የበላችው። ጆሲ ፊሊፒናዊት ናት፤ ዴራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ስምንት ሴቶች በምንተኛበት ክፍል አልጋዋ ከኔ በላይ ነበር። የሷ ዓሣ ክፍሉን ሲያስለቅቅ የኔ ቆጮ ሰፈሩን ያስለቅቃል። ስድስቱ አባረሩንና ደረጃው ላይ ተቀምጠን በላን። እሷ የምትሠራበት የፊሊፒኖ ምግብ ቤት ሰሃን አጣቢ አድርጋ አስገባችኝ፤ ከሰሃን ወደ ሽንኩርት፣ ከሽንኩርት ወደ ምድጃ አደግኩ። ስምንት ዓመት።

ይህን የምጽፈው ዴራ ለቀራችሁት ነው፤ «አገሬ ስገባ ሁሉም ይስተካከላል» ለምትሉት። አገር መግባትም ስደት ነው፤ ቪዛ አይጠይቁህም እንጂ ሌላውን ሁሉ ይጠይቁሃል።

ጆሲን ይዣት መጣሁ። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ ዳኜ የሚባሉ ሰው ግቢ ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ የምትይዝ ቤት ተከራየንና የፊሊፒኖ ምግብ ጀመርን። ደንበኞቻችን ከቦሌ ለሚ የልብስ ፋብሪካዎች የሚመጡ የውጭ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ። የአገሬ ሰውማ ሜኑውን አንብቦ «ጥብስ የለም?» ይልና ይወጣል። ብቻ እንዲያም ሆኖ እየሄደልን ሳለ ኮሮና መጣ።

ጆሲን መንገድ ላይ ሲያዩ «ቻይና! ኮሮና!» ማለት ተጀመረ። አማርኛዋ ከታክሲ የለቀመችው ነው፤ ዞር ብላ «ወራጅ አለ!» ብላ ስትጮኽ ስቀው መንገድ ለቀቁላት። ጋሽ ዳኜ ግን አልሳቁም። ጭምብል በጭምብል ደርበው ከበራችን ሦስት ሜትር ርቀው ቆሙ።

«አለም ልጄ፣ አንቺን አልጠላሽም። ይቺ ቻይናዋ ግን እስከ ቅዳሜ ትውጣልኝ። ካልወጣች ቁልፌን ትመልሻለሽ።»

«ቻይና አይደለችም ጋሼ።»

«ምንም ትሁን፣ ከሩቅ ነው የመጣችው።»

«እርስዎስ ከሸዋ ሮቢት አልመጡም?»

«እኔ ስመጣ በሽታ አልነበረም።»

«አውሮፕላኑ ቆሟል፤ የት ትሂድ?»

«እሱን አውሮፕላኑን ጠይቂ።»

በማግሥቱ ሲስተር ሐያት መጣች። አጠገባችን በተከፈተው የለይቶ ማቆያ የምትሠራ ነርስ ናት። «እትዬ አለም፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ ዘግቷል፤ ያልዘጋውም ዩኒፎርማችንን ሲያይ ይዘጋል። ሠላሳ ሰው ነን፣ ብስኩት በልተን ነው የምንውለው» አለችኝ። ለጆሲ በዱባይ እንግሊዝኛችን ስነግራት ቢላዋዋን አነሳች።

የምናውቀውን ምርጥ ነገር ሠራን፤ አዶቦ፣ ማለት ዶሮ በኮምጣጤ፣ በአኩሪ አተር ሶስና በነጭ ሽንኩርት። ሠላሳ ሣጥን ላክን። አብዛኛው ሳይከፈት ተመለሰ።

ሐያት አንገቷን ደፍታ «አትቀየሚኝ» አለች። «እኛ ሙስሊሞቹ ማን እንዳረደው አላወቅንም። ክርስቲያኖቹ ደግሞ... ሁዳዴ ነው እኮ።»

ሁዳዴ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ፣ ጾም መያዣና መፍቻ ከእናቴ አፍ ስሰማ ያደግኩት፣ ስምንት ዓመት ባዳ አገር ከርሜ ወሩን እንኳ ዘንግቻለሁ። ሁለት ሃይማኖት በአንድ ሣጥን ያስቀየመ ነጋዴ ከኔ ሌላ ካለ ይምጣ።

ጆሲ «ታዲያ ሁሉም የሚበሉት ምንድን ነው?» አለች።

«ያልታረደ።»

«እኛ አገር አርብ አርብ በሥጋ ፈንታ ሞንጎ እንበላለን» ብላ ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችኝ። ሳየው ሳቄ መጣ፤ ማሾ! ከዱባይ በፊት እህል በረንዳ ማሾ በኩንታል ስነግድ ነበር። ስንት መኪና ወደ ውጭ ሲጫን ቆሜ ቆጥሬ፣ አንድ ጭልፋ ቀምሼ አላውቅም። ጆሲ በሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቲማቲም አንተክትካ ላዩ ላይ የሞሪንጋ ቅጠል በተነችበት። በሩዝ ላክነው። ሣጥኖቹ ባዷቸውን፣ አንዳንዱም ታጥቦ ተመለሰ።

ሐሙስ ዕለት ደንብ አስከባሪ መጣ።

«ተመጋቢ ማስቀመጥ ተከልክሏል።»

«ማን ተቀምጧል?»

ስድስቱን ባዶ ጠረጴዛ አየ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ድስት ለማን ነው?»

«ለቆሙት» አልኩት። ብዙ ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አርብ ሐያት ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ያከራየቻት ሴትዮ ዕቃዋን ኮሪደር ላይ አውጥታ ጠብቃታለች፤ ጥፋቷ ነርስነቷ ነው። ጠረጴዛዎቹን ገፍተን ፍራሽ አነጠፍንላት። አንድ ተባራሪ ነበረኝ፣ ሁለት ሆኑ። እንግዲህ ሦስታችንም ወይ እንወጣለን፣ ወይ ማንም አይወጣም አልኩ።

ቅዳሜ ጋሽ ዳኜ ሰዓታቸውን አክብረው መጡ።

«ወጣች?»

«አልወጣችም። እንዲያውም ጨምረናል።»

ሐያት በዩኒፎርሟ ብቅ ብላ «እንደምን አደሩ አባባ» አለቻቸው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

«ቁልፌን አምጪ!»

«ቁልፉ ወጥ ቤት፣ ሚስማር ላይ ነው ጋሼ። ይግቡና ይውሰዱ።»

«አውጥተሽ ስጪኝ!»

«እጄ ምን እንደነካ በምን አውቃለሁ? ለእርስዎ ጤና አስቤ ነው።»

በሩን አዩ፣ ጆሲን አዩ፣ ሐያትን አዩ። ጭምብላቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ሄዱ። በሳምንቱ መጡ፤ ይግቡ አልኳቸው፤ ሄዱ። እንዲህ እያልን ከረምን፤ የለይቶ ማቆያው መኪናም በየቀኑ ደጃቸው ላይ ቆሞ ሠላሳውን ሣጥን ጫነ። አንድ ቅዳሜ ግን ለመሄድ ዞረው ቆም አሉ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ማሾ።»

«የኛ አገሩ? አባቴ ይዘራው ነበር እኮ... ይበላል እንዴ?»

ጆሲ አንድ ሣጥን አጥሩ ላይ አስቀምጣ ራቀችላቸው። አነሱት። «ይሄ ማለት ተስማማሁ ማለት አይደለም» ብለው ይዘውት ወደ ቤታቸው ገቡ።

በረራው ሲከፈት ጆሲ እናቷን ልትጠይቅ ሄደች። ለሁለት ወር ነበር ያለችው። ሁለት ወሩ ዓመታት ሆነ፤ እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፣ ከሳቸው ሌላ የላትም፣ ከሷ ሌላ የላቸውም። ሐያት ቤት አግኝታ ወጥታለች። እኔ አለሁ፤ አርብ አርብ ማሾ አለ፣ አሁን የአገሬም ሰው ይበላዋል።

ትናንት ጆሲ ደወለች። እኔ ምድጃው ላይ ነበርኩ።

«ጋሽ ዳኜ ቁልፉን ወሰዱ?»

«አልወሰዱም።»

«እንዳትሰጪያቸው። መጥቼ እኔ ነኝ የምሰጣቸው።»

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ድስቱ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፣ በጣም ፈልቷል። ማሾውን አውጪው፣ እንዳይፈርስብሽ» አለችኝ።

አወጣሁት። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው።